ቁጭ ማለት የሚችል ብቻ

እናቴ ሬሳ አጣቢ ናት። ደመወዝ ያለው ሥራ አይደለም። በሰፈራችን ሴት ስትሞት የምትጠራው እሷ ናት፤ እርሻ ላይም ብትሆን ጥላ ትሄዳለች። እኛ እስላሞች ነን፤ ሴትን የምታጥባት ሴት ናት፣ ሳይታጠቡ መቀበር ደግሞ ለሟችም ለቀሪም ከባድ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ውሃ የማቀብላት እኔ ስለነበርኩ ሥራውን አውቀዋለሁ።

ሰፈራችን የምለው ወለጋ ውስጥ ያለውን ነው። አባቴና እናቴ የወሎ ሰዎች ናቸው። እኔ ሳልወለድ፣ በድርቁ ጊዜ፣ መንግሥት በመኪና ጭኖ ወስዶ እዚያ አሰፈራቸው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬም ሰፋሪ ነበር የምባለው። አባቴ ከሞተ በኋላ አንዲት የአገሩ ሴት ካምፓላ ሱቅ እንዳላትና የምታግዛት ልጅ እንደምትፈልግ ሰማን፤ መጣሁ።

ሱቁ ናሙዎንጎ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷን እትዬ፣ እሳቸውን ሐጂ እላቸዋለሁ። ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ፋብሪካዎች የሚመለሱ ሠራተኞች ሳሙናና ስኳር ይገዙናል፤ ሐበሾቹ በርበሬና ምስር። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ጓዳ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። እትዬ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ይቺን ልጅ ኬላ ላይ ምላሷን ወርሰውባት ነው የመጣችው» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

በኮሮናው ጊዜ ነው። ካምፓላ ውስጥ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ፣ እኛም ሱቁን በጊዜ እየዘጋን ነበር። አገር ቤት ደግሞ የባሰ መጣ። በሰፈራችን ዙሪያ ባለው ጫካ በመንግሥት ላይ ያመፁ ታጣቂዎች ገቡ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው መንደር ተቃጠለ። አውቶቡስ ቀረ፣ ስልክም ጠፋ። እናቴ ለመደወል ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ጉብታ ትወጣለች፤ እዚያ አንዳንድ ቀን ኔትወርክ ይገኛል። ስልኩም የሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ የመንግሥት ወታደሮች ካምፕ ድረስ ሄደው አስወጡን ብለው ለመኑ። ሻምበሉ መጀመሪያ እምቢ አለ። በኋላ ግን ስንቅ አድርሰው ባዶአቸውን የሚመለሱ ኦራሎች ስላሉ፣ በአጀብ ሲመለሱ ሰዉን እጭናለሁ አላቸው። ከብት የለም፤ ፍራሽ የለም። ተኝቶ የሚሄድ በሽተኛም አይጫንም፤ ቁጭ ማለት የሚችል ብቻ። ምክንያቱንም አልደበቃቸውም፦ መንገድ ላይ ተኩስ ከተነሣ ሁሉም ፈጥኖ ወርዶ ቦይ ውስጥ መግባት አለበት።

እናቴ ይህን ደውላ ስትነግረኝ ደስታዬን ሳልጨርስ፣ «እኔ ግን አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«እማማ አልጋ ላይ ናት።»

እማማ የምንላት አጥር የምትጋራን አሮጊት ናት። ከወሎ ሲመጡ ከእናቴ ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫኑት። ልጅ አልወለደችም። እናቴ እርሻ ስትወርድ እኔን አዝላ የምትውለው እሷ ነበረች።

«እንዳጥባት አስምላኛለች» አለች እናቴ። «ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እዚህ ሴት የሚባል አይቀርም። ማን ያጥባታል? ጅብ?»

እናቴን እምቢ ብያት አላውቅም። «እሺ» አልኳት። መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ባንኮኒው ጋ ሆና ስትሰማ ነበር። «ምን አለችሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እሺ።»

«እሺ? እናትሽ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልሙት ስትልሽ እሺ? ስኳር ጨምሪልኝ ያለችሽ መሰለሽ?»

ሐጂ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ሴት ከሌለች እኮ ተየሙም ይበቃል። በአፈር አብሶ መቅበር ይቻላል» አሉ።

«አፈሩን ማን ያብሳል? ታጣቂው?» አለቻቸው እትዬ። «አንተ ደግሞ ሰው ሳይሞት ትቀብራለህ!»

ሐጂ ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

ከዚያ በኋላ ምስር ስለቅምም፣ ዕቃ ሳጥብም የማስበው ያንኑ ነበር። እማማን ጥለሻት ውጪ ብላት እናቴ አትሰማኝም። እኔም እንዲያ ማለት አልፈለግኩም። ሻምበሉ የጠየቀው ቁጭ ማለት ብቻ ነው፤ እማማ ደግሞ ከአልጋዋ ቀና ማለት እንኳ አቅቷታል።

እንዲህ እያሰብኩ ሳለ እናቴ ስታጥብ የምታደርገው ትዝ አለኝ። ውሃ ከመፍሰሱ በፊት ሟቿን ቀና ታደርጋታለች። ከጀርባዋ ገብታ በአንድ ጉልበቷ ታስደግፋታለች፤ ጭንቅላቷን በአንድ እጇ ይዛ ትከሻዋ ላይ ታሳርፍና በሌላ እጇ ሆዷን ቀስ አድርጋ ትጫናለች፣ ውስጥ የቀረው እንዲወጣ። ጣሳውን ይዤ ከፊት ስቆም፣ ሟቿ ደክሟት እናቴን የተደገፈች እንጂ የሞተች አትመስለኝም ነበር። ጭንቅላቷ አንድም ቀን ሲወድቅ አላየሁም።

መኪናዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ እናቴ ደወለች። ልትሰናበተኝ ነው። እትዬ ስልኩን ሰጥታኝ፣ መደርደሪያ የምታስተካክል መስላ አጠገቤ ቆመች።

«እማዬ፣ ይዘሻት ውጪ» አልኩ።

«ቁጭ አትልም እያልኩሽ!»

«አንቺ ታስቀምጫታለሽ። ስታጥቢ ቀና አድርገሽ እንደምትይዢው ያዣት። ከኋላዋ ግቢና ጉልበትሽን አስደግፊያት። በጋቢ ሸፍኛት።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«በሕይወት ያለችውን ሰው እንደ ሬሳ ያዢ ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«ወታደሩ ቢያይስ?»

«ወባ ነው በይው።»

«ካምፓላ ውሸትም አስተማሩሽ?»

«እማዬ፣ ብትቀሪ አንቺን ማን ያጥብሻል?»

ስልኩን ያዋሰቻት ሴት ከበስተኋላ «ባትሪዬን ጨረሽው እኮ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ጠፋ። እትዬ ጀርባዬን ቸብ አድርጋ ወደ ደንበኞቿ ሄደች።

ወሬ አልመጣም። መሄዷንም መቅረቷንም አላወቅሁም። እትዬ አገር ቤት የምታውቀው ሰው ሁሉ ጋ ሞከረች። አንዱ አንሥቶ በዚያ መንገድ ላይ ተኩስ ነበረ አላት፤ ለእኔ ከነገረችኝ በኋላ መንገሯ ቆጫት። ሐጂ በር ላይ ካለው ልጅ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝተው አምጥተው፣ «ብዪ፤ ምስርም ጉልበት ይፈልጋል» አሉኝ። ስበላው ቀዝቅዞ ነበር። በዚያ ሰሞን ካምፓላም ወታደሮች ለሰዓት እላፊው በየመንገዱ ይዞሩ ነበር። መኪና ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በሱቃችን በር ሲያልፉ፣ እናቴ ከእንዲህ ያሉት ጋር ትሆን ይሆን እላለሁ።

ስትደውል ከሌላ ከተማ ነበረች። ድምፅዋ ዘግቶ ነበር።

«ወጥተናል» አለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።

እማማን ጎረቤቶች አዝለው ኦራሉ ጋ አደረሷት። እናቴ ቀድማ ወጥታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እማማን ከፊቷ አስገቡላትና ሁለቱንም በአንድ ጋቢ ሸፈኗቸው። ሻምበሉ ሰዉን እያየ ሲያልፍ እነሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እኚህ እናት ታመዋል እንዴ?»

«ወባ ነው፤ ይለቃታል» አለች እናቴ።

«እናት፣ ደህና ነዎት?»

እማማ ዓይኗን ከፍታ አየችው። «እኔስ ደህና ነኝ። አንተ ነህ የከሳኸው፤ አያበሉህም?»

መኪናው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሻምበሉም ሳቀና ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ ተኩስ ተነሣ። ወታደሮቹ «ውረዱ! ቦይ ግቡ!» እያሉ ጮኹ። ሰዉ ዘለለ፤ ሕፃናቱን እየተቀባበሉ አወረዷቸው። እናቴ እማማን ብቻዋን ማውረድ አልቻለችም፣ ለቅቃትም አልወረደችም። ተኩሱ እስኪያልፍ ሁለቱ ብቻ መኪናው ላይ ቀሩ።

ይህን ስትለኝ የምስሩ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሻምበሉ የከለከለው ለዚህ ነበር። ያዣት ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«እንዴት አልፈራ! የመኪናውን ብረት ሲመታው እሰማለሁ። እሷን ግን አዋራት ነበር። እማማ፣ እንዳትነቃነቂ፣ አሁን ያልፋል እላታለሁ። እሷም አልተነቃነቀች።»

ሰዉ ተመልሶ ሲወጣ እማማ ሞታ ነበር። ጥይት አልነካትም። መቼ እንዳረፈች እናቴ አታውቅም። «ስንቷን ይዤ፣» አለች፣ «ይህችን ሳላውቃት ቀረሁ።» ለማንም አልተናገረችም፤ ወታደሮቹ ቢሰሙ መንገድ ዳር አውርጃት ይሏታል። ከተማው እስኪደርሱ ጭንቅላቷ እንዳይወድቅ በትከሻዋ ደግፋ ያዘቻት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «እንቅልፍ ወሰዳቸው?» ስትላት «አዎ፣ ደክሟት ነው» አለቻት።

ያጠበቻት በከተማው መስጊድ ግቢ ነው። የከተማው ሴቶች፣ ኦሮሞዎቹ፣ ውሃ አሙቀው አመጡ፤ ዙሪያውን ጨርቅ ወጥረው ያዙላት። ከፈን የሚሆን ነጭ ጨርቅ አልነበራትም። አንዲቱ አሮጊት ቤቷ ሄዳ ለራሷ ቀን ያስቀመጠችውን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ቀበሯት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች እናቴ መጨረሻ ላይ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ተኩሱ ሳይነሣ በእማማ ማሳ አጠገብ አለፍን። ቀና አድርጌ ስለያዝኳት ታየዋለች። በቆሎው ደርሷል፤ ዝንጀሮ ገብቶ ያተራምሰዋል። ምን አለች መሰለሽ? ‹ሰው የለም እንዴ? አንዳችሁ ወርዳችሁ አባርሩት እንጂ!› ብላ ተቆጣችን። ማን ይውረድ? አንገቷን ወደዚያ አዞርኩላት፤ ከዓይኗ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ስልኩን ለቤተሰባቸው ሊደውሉበት የሚጠብቁ ሌሎች ከመኪናው የወረዱ ሰዎች ነበሩ። እናቴ «ሌላው ይደውል» ብላ ዘጋች።

እትዬና ሐጂ ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር።

«ወጥታለች» አልኳቸው። «እማማንም አጥባታለች።»