ጋሽ ሜትር ሚስቱን ያዝናናበት ምሽት

ጋሽ ሜትር የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የልኬት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም፤ ሆስፒታል ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ እንዳንጠለጠለው ነው የሚገባው። ሰው ሲያናግረው የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው። «እገሌን ታውቀዋለህ?» ካሉት «ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውን በመልኩ መለየት የሰነፍ ሥራ ይመስለዋል።

ሚስቱ ድሮ በልብስ ስፌት ሱቁ የልብስ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙዚቃ ያለበት ቤት ወስዶ አንድ ጊዜ እንዲያስደንሳት። በሰርጋቸው ዕለት የሚዜውን ሱሪ በልኩ ሲያስተካክል ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መልሱ ያው ነው፦ «ይህቺን ሥራ ላስረክብና።» አንዱን አስረክቦ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። እሷም መለመኑን አልተወችም፤ መቼም የሴት ልጅ ትዕግሥት ቢለካ የእሱ ሜትር አይበቃውም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ጋሽ ሜትር እያለከለከ ቤት ገባና «ተነሺ፣ ልበሺ፤ ዛሬ ሙዚቃ ቤት እንሄዳለን» አላት።

መጀመሪያ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ስትከፍተው ከጥድፊያዋ ብዛት መዝጊያው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ግድግዳ አስደገፈችውና አረንጓዴ ቀሚሷን አወጣች።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከሰዓት በኋላ የዚያው ሙዚቃ ቤት ዘፋኝ ኮቱን ለመሞከር ሱቅ መጥቶ ነበር። ኮት ከማለቁ በፊት በረጃጅም ነጭ ክር ላላ ተደርጎ ይያያዛል፤ ልኩን ለማየት እንጂ ለመልበስ አይደለም። ጋሽ ሜትር ቁልፍ ሊፈልግ ጓዳ ሲገባ ዘፋኙ ራሱን በመስታወት አየ፣ ወደደውም። ራሱን የወደደ ሰው ደግሞ ቁልፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። ጋሽ ሜትር ስድስት ቁልፍ በመዳፉ ይዞ ሲወጣ ዘፋኙም ኮቱም የሉም፤ አሮጌው ጃኬት ብቻ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ቢደውልለት ስልኩ የጮኸው ከዚያው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው።

ያ ኮት በሰው ፊት ቢፈርስ የሠላሳ አንድ ዓመት ስሙ አብሮ ይፈርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መሄድ አለበት። «እግረ መንገዴን እሷንም ደስ ይበላት» ብሎ አሰበ፤ ስለ ኮቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን በየእርምጃው ከበደው፤ ምክንያቱም እሷ መንገዱን ሁሉ ክንዱን ይዛ ነበር የሄደችው። ለጎረቤቱም፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ምንም ላልጠየቃት መንገደኛም «ባለቤቴ ሊያስደንሰኝ ነው» ስትል ሰማት።

ሙዚቃ ቤቱ በቀይ መብራት የደበዘዘ፣ ክብ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት፣ መሐሉ ለዳንስ የተተወ አዳራሽ ነው። ዘፋኙ መድረክ ላይ ነበር፤ ኮቱንም ለብሶታል። ነጩ ክር በትከሻውና በብብቱ ዙሪያ ያብለጨልጫል። አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው «አዲስ ፋሽን ነው» ሲል ጋሽ ሜትር ላብ በላብ ሆነ።

አስተናጋጁ መጣ። ሚስቱ ቀይ ወይን አዘዘች።

«ለጋሼስ?»

«ነጭ ክር» አለ ጋሽ ሜትር ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል።

«በበረዶ ነው ያለ በረዶ?»

«በድርብ ነበር የሚያስፈልገው።»

አስተናጋጁ ጻፈና ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድርብ መጠጥ በረጅም ብርጭቆ አመጣለት፤ ጋሽ ሜትርም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጨለጠው።

ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ጠሽ! ከበሮው እየተደለቀ፣ ጥሩንባው እየጮኸ፣ ጋሽ ሜትር የአንዲት ክር መበጠስ ሰማ። በሁለተኛው ዘፈን የኮቱ ብብት ተከፈተ።

«ተነስ እንጂ» አለች ሚስቱ፣ እግሯ ጠረጴዛው ሥር ቀድሟት እየደነሰ። «ይሄ ዘፈን ይመቻል።»

«ይቺ ትለፍ።»

ያቺም አለፈች፣ ሌላዋም አለፈች። የኮቱ ግራ እጅጌ ከትከሻው አራት ጣት ያህል ሲወርድ ጋሽ ሜትር «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ» ብሎ ተነሳ። በጎን በኩል መድረኩ ላይ ወጣ፣ ከዘፋኙ ኋላ ቆመ፣ ምንጊዜም ከራሱ ኮት ኮሌታ ሥር የማይለየውን መርፌ ከነክሩ መዞ መስፋት ጀመረ።

ዘፋኙ በሁለት ስንኝ መሐል ዞር ሳይል «ጋሼ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለው።

«ኮቱ አላለቀም!»

«ኧረ አልቋል፣ መስታወቱን ጠይቅ!» ብሎ ወደ ፍቅር ዘፈኑ ተመለሰ።

አዳራሹ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ከበሮ መቺውም ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ መርፌው ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ይመታ ጀመር። ጋሽ ሜትር በምት ሰፍቶ አያውቅም። እንዲያ ቀጥ ያለ ስፌትም ሰፍቶ አያውቅም፤ ይህን በኋላ ራሱ አምኗል።

ቋጠረ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ሊወርድ እጁን ሲስብ ዘፋኙ አብሮት መጣ።

በዚያ ቀይ መብራት ጥቁር ከጥቁር አይለይምና፣ የራሱን ኮት እጅጌ ከዘፋኙ ትከሻ ጋር ሰፍቶታል። የሰፋውም «ሰው ይቀደዳል እንጂ ስፌቴ አይቀደድም» እያለ በሚመካበት ድርብ ክር ነው።

ዘፋኙ ወደ ግራ ሲሄድ እሱም ሄደ። ወደ ቀኝ ሲመለስም ተመለሰ።

«አትዙር!» አለው ጋሽ ሜትር።

«እዚህ ጋ መዞር አለ!» አለ ዘፋኙ፤ ሁለቱም ዞሩ። ሰዉ ቆሞ አፏጨ።

ሚስቱ ከጠረጴዛዋ አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ «ይህቺን ሥራ ላስረክብና» ሲላት የኖረው ባሏ ከሌላ ሰው ጋር መድረክ ላይ ይሽከረከራል። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ነጩ ክር ላይ ወደቀ። ቁልፍ የተከለች ሴት ናት፤ የሙከራ ስፌት ምን እንደሆነ ማንም አይነግራትም። ተነስታ ወደ መድረኩ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «የመጣኸው ለኮቱ ነው ወይስ ለኔ?»

ቀስ ብላ ብትጠይቅም ማይክሮፎኑ መሐላቸው ነበርና ጥያቄው በአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ። ከበሮው ቆመ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በር ላይ ተደረደሩ። ጋሽ ሜትር ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊዋሽ ይችል ነበር። ግን ሲያያት ልቡ እሺ አላለውም።

«ለኮቱ» አለ።

«ለኮቱ» አሉ ድምፅ ማጉያዎቹ።

የክር ቀለም ስህተት ሆኖ ስታገኝ እንደምታደርገው አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ወረደች፣ የቀረውን ወይን ቆማ ጠጣች፣ ቦርሳዋን አንስታ በጠረጴዛዎቹ መሐል ወደ በሩ አመራች።

«ቁረጥልኝ! መቀስ የለህም?» አለ ጋሽ ሜትር።

«ዘፋኝ ምን መቀስ አለው? ኮትህን አታወልቅም እንዴ?»

ማውለቅ ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የጋሽ ሜትር ሸሚዝ ደረት፣ ኮሌታና እጅጌ እንጂ ጀርባ የለውም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ለሸሚዙ ኮሌታ ቸኩሎበት ከራሱ ሸሚዝ ጀርባ ቆርጦ ሰፋለት፤ «ነገ እተካዋለሁ» አለ፣ ነገም አልመጣ። በሙቀት ቀን «ኧረ ኮትህን አውልቅ» ሲሉት ብርድ ይዞኛል ይላል። ይህን የምታውቀው ያን ሸሚዝ የምታጥበው ሚስቱ ብቻ ናት።

አዳራሹን ቃኘ። እሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ የለበሱ ዘጠኝ ሰዎችን በትከሻቸው ለየ። ሚስቱ በሩ ጋ ልትደርስ ሦስት ጠረጴዛ ቀርቷታል።

ቁልፎቹን ፈታ። ኮቱን ዘፋኙ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቶት ከመድረኩ ዘለለ።

ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነስቶ አዳራሹን አዳረሰ። ጋሽ ሜትር ሰማው፤ በጣምም አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ግን አልቆመም። በሩ ጋ ደረሰባት።

«ለኮቱ ነው የመጣሁት፤ አልዋሽሽም» አላት። «አሁን ግን ኮቱን ትቼው ነው የመጣሁት። እባክሽ እንደንስ።»

«መደነስ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ጀርባህ ባዶ ነው'ኮ። ሰው እየሳቀብህ ነው።»

«ይሳቅ።»

አንጀቷን በላት፤ ንዴቷ ግን ገና አልወጣላትም ነበር። ቦርሳዋን ለበር ጠባቂው አስያዘችና ሁለት መዳፎቿን ባዶ ጀርባው ላይ አሳረፈች። ዘፋኙ ሁለት ኮት እንደለበሰ ዝግ ያለ ዘፈን ጀመረ።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለ ጋሽ ሜትር።

«ዝም በል፣ እግሬን እየረገጥከኝ ነው።»

መዳፎቿ ትንንሽ ናቸው፣ ጀርባው ደግሞ ሰፊ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ እያዘዋወረች ሸፈነችለት።