ቁርባን ለካሜራ

ሲኒማ እጠላለሁ። ድሮ አልጠላም ነበር፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ፊልም ሲታይ ከጎረቤት ጋር ሄጄ፣ አልቅሼ እመለስ ነበር። አሁን ካሜራ ሳይ አፌ ይመርረኛል።

ልጄ ፊልም ልትሠራ ነው ተባለ፤ ስልክ ላይ የሚለቀቅ። የካቶሊክ ሲስተር ሆና ነው የምትጫወተው። እኛ ካቶሊክ ነን፤ ሲስተሮች እንዴት እንደሚለብሱ፣ እንዴት እንደሚያማትቡ ከፊልም ሠሪዎቹ መካከል የምታውቅ እሷ ብቻ ስለሆነች መረጧት። ዳይሬክተሩ የጴንጤ ልጅ ነው። ቤቴ መጥቶ፣ «ማዘር፣ አይስጉ፤ እኛም ክርስቲያን ነን» አለኝ። ሳቅኩለት፤ ግን አላመንኩትም።

ብስኩት በጠርሙስ ክዳን እየቆረጡ፣ ቁርባን ነው ብለው ሊቀርጹ ነው። «ደግሞ ይፈረፈራል፤ ካሜራ ላይ ያስታውቃል» ትለኛለች ልጄ፣ ስለ ቀሚስ ስፌት እንደምታወራ።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። ቁርባኑን በእጇ ተቀበለች፤ እኛ ጋ በእጅም በምላስም ይሰጣል። እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ አፏ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጣቶቿ እንደተጨበጡ ወረዱ። ይህች ልጅ ጌታን ጨብጣ ልትወጣ ነው!

ደጃፉ ላይ ደረስኩባት። የፊልም ሠሪዎቹ መኪና ከአጥሩ ውጭ ክላክስ ያደርጋል።

«እጅሽን ክፈቺ።»

«እማ፣ ሰው እያየ ነው!»

«ሰው ነው የሚያስፈራሽ?»

ከፈተች። በሶፍት ጠቅልላዋለች። በምንናፈጥበት ሶፍት!

«ለአንዴ ቀረጻ ነው እማ። ከዚያ እበላዋለሁ።»

«ትበዪዋለሽ? ቆሎ ነው?»

ልመታት እጄን አነሳሁ፤ ከእጇ እንዳይወድቅ ፈርቼ መልሼ አወረድኩ። ክንዷን ይዤ፣ «ቀስ፣ ቀስ በይ» እያልኩ ወደ አባ ወሰድኳት። አባ አልተቆጡም። በሁለት ጣታቸው አንስተው ራሳቸው በአፋቸው ተቀበሉት፤ ሶፍቱን፣ ፍርፋሪ ተርፎበት እንዳይጣል፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት። «ልጄ፣ ሳትናዘዢ እንዳትቀርቢ» አሏት፤ ይኸው ነው። እኔ እንዲጮኹባት ነበር የፈለግኩት።

እሷ ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባች። ፊልሙን በብስኩቱ ሠሩት።

በኋላ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ልገዛ ብሄድ፣ ሻጯ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ይቺ ልጅሽ አይደለችም እንዴ? ውይ ሲያምርባት!» ልጄ ሻሽ አድርጋ ብስኩቱን ታኝካለች፤ ፍርፋሪው አገጯ ላይ ተለጥፏል፤ ካህን ተብዬው ይገለፍጣል። በዚያ ሁሉ የዓሣ አንጀት መሐል ቆሜ፣ ሊያስመልሰኝ የደረሰው ስልኩ ላይ ያየሁት ነው። ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ተናዝዣለሁ ትላለች። ምን ብላ እንደተናዘዘች አልጠየቅኳትም፤ እሱ የኔ አይደለም። ባለፈው እሁድ እንደገና ተሰለፈች። ከኋላዋ ሆኜ በጆሮዋ፣ «በምላስሽ ተቀበዪ» አልኳት። ምላሷን አወጣች። ዞር ስትል አንገቷን አየሁ፤ አፏን፣ ጉሮሮዋን። እንዲያ ስከታተላት ወንበሯ ጋ ደረሰች። ዋጠች።

ዞር ስል ተራዬ ደርሶ፣ አባ ቁርባኑን ይዘው እኔን ይጠብቃሉ።