በሞረድ ያጠፋሁት ቁጥር

ልጄ የያዘው ስናይፐር ነበር፤ ያ መነጽር ያለው ረጅሙ ጠመንጃ። በጦርነቱ ጊዜ ጓደኛው እያነከሰ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ልጅዎ ቆስሎ በመኪና ሲወስዱት አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለኝ። «አደይ፣ እናቴ፣ ይሄ እንደ ክላሽ አይደለም። አንድ በአንድ በቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ቁጥሩ በልጅዎ ስም ተመዝግቧል። ይደብቁት» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥሩን በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት፣ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ከጎኑ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ውስጡ ቀስት። ውሃ ስንቀዳ ቦኖ ላይ ደግሞ ሴቶቹ ምን ይላሉ፣ ቤት ለቤት የሚፈትሹት ቁጥሩን አንብበው የማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ቤተሰቡን ይለቅማሉ። ታዲያ ቁጥሩን ካጠፋሁ ልጄን ማንም አያገኘው አልኩ። ሞረድ አወጣሁ፣ የባሌን። ባሌ ከወሎ የመጣ አናጺ ነበር፣ ይሄን አማርኛም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሦስት ቀን ሞረድኩ። ቀስቷን ተውኳት፣ ጌጥ መሰለችኝ።

በኋላ ሰላም ሲሆን መሣሪያ ያለው ያስረክብ ተባለ። በማሽላ ጆንያ አድርጌ፣ ከዚህች ከምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ጋር በባጃጅ ሄድን። ተረካቢው ጆንያውን ሲከፍት ሳቀ።

«አደይ፣ ተኳሿ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃተኝ ነኝ። የልጄ ነው። የት እንደደረሰ ንገረኝ።»

«እሱማ ቀላል ነው። ቁጥሩን ልጅዎ ከነበረበት ጦር መዝገብ ጋር እናየዋለን። ማን እንደያዘው፣ ከነማን ጋር እንደነበረ፣ ሲቆስል ወዴት እንደተላከ ይወጣል።»

ይህን ብሎ ብረቱን ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው።

«ማን ነው የሞረደው?»

«እኔ ነኝ። ቀስቷ አለችልህ አይደል!»

«እሷ የፋብሪካው ምልክት ነች፣ አደይ። ከዚያ ፋብሪካ የወጣው ሁሉ ላይ አለች።»

«በስሙ ፈልግልኛ!»

«ስሙን የያዘ ስንት አለ መሰለዎት?»

ወይ እኔ! የሚጠቅመውን ፍቄ የማይረባውን አስቀመጥኩ። በራሴ ተናደድኩ። ደብቂ ብሎ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚሆን ሳይነግረኝ በሄደው ጓደኛውም ተናደድኩ። በአባቴም። ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ሰደደ፣ እኔን ውሃ።

ተረካቢው ወረቀት ሞላ፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነካኝ። «አንብቢልኝ» አልኳት ይቺን የልጅ ልጄን። «ቁጥር የሌለው» ይላል።

«አልፈርምም» አልኩት። «ቁጥር ነበረው። እናቱ ናት ያጠፋችው ብለህ ጻፍ።»

«ፎርሙ ለሱ ቦታ የለውም።»

«ዳር ላይ ጻፋ!»

«ኧረ አደይ፣ ከኋላዎ ያለውን ሰልፍ ይዩት!»

ከኋላዬ የቆመ ሽማግሌ፣ «ጻፍላት ወደይ፣ ጻፍላት ልጄ፣ እኛ እንደሆን ሥራ የለንም» አለው። ሰዉ ሳቀ። ተረካቢው ተነፈሰና ጻፈ። አስነበብኩ፣ ከዚያ ጣቴን አሳረፍኩ።

ጠመንጃው እዚያ ቀረ። ስለ ልጄ ግን ምንም ሳልሰማ ተመለስኩ። አሁን በየቢሮው በስሙ ነው የምጠይቀው፤ ሲሰለቹኝም እጠይቃለሁ።