ወንድሜ ለራግቢ የተጋበዘ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። የምንኖረው ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ከጨዋታ ሲመለስ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲው ብቻ ደረጃውን ይወጣል፤ ያም ሆኖ በየደረጃው ላይ የረጠበ ሣር ጥሎ ነው የሚያልፈው። እማዬ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች ታየውና "ዛሬስ ከማን ጋር ተደባድበህ ነው?" ትለዋለች። ራግቢ ጨዋታ መሆኑን ሊያስረዳት ስንት ዓመት ደክሟል። በመጨረሻ የተስማሙት ጥርሱ እስካልወለቀ ድረስ ላትከለክለው ነበር።

ያሬድ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ አሥር። ወደ ሆላንድ ስንመጣ እሱ አሥራ ሦስት ሞልቶት ስለነበር አስተዳደጉን አገር ቤት ጨርሶ ነው የመጣው ማለት ይቻላል። እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ትልቅ ሰውን አንቱ ይላል፣ ሲያመሰግኑት አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን በአራት ዓመቴ መጥቼ በደች ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። ያሰብኩትን ሁሉ እዘረግፈው ነበር። እማዬ "አንቺን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የለወጡብኝ ይመስለኛል" እያለች ትቀልድብኝ ነበር፤ ሁልጊዜም ቀልድ አልነበረም።

ወንድሜ በሰፈራችን ትንሽ ክለብ ውስጥ የክንፍ ተጫዋች ነበር፤ ማለትም ሞላላዋን ኳስ አቅፎ በመስመሩ ዳር የሚበረው። ሕልሙ ግን ሌላ ነው። እኛ ቤት "ተጋባዦቹ" እያልን የምንጠራው ቡድን ነበር። የዚህን ቡድን ታሪክ ያሬድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣው ነበር። ደንሃግ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በየክለባቸው ሆነው ሲፋለሙ የከረሙ ጥቂት ሰዎች፣ የውድድሩ ወቅት ሲያልቅ "ምናለ አንድ ቀን እንኳ አብረን ብንጫወት" ተባብለው የመሠረቱት ነው። ሜዳ የለው፣ ክበብ የለው፣ ዋንጫ አያሳድድ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ተጠራርተው ይሰባሰባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይበተናሉ። ልግባ ብሎ የጠየቀ ሰው በጭራሽ አይገባም፤ መጋበዝ አለበት። ማሊያው አንድ ዓይነት ሲሆን ካልሲውን ግን እያንዳንዱ የራሱን ክለብ ካልሲ ያጠልቃል። ዳኛው ከሥጋ ሻጩ፣ መምህሩ ከወደብ ሠራተኛው ጎን ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሲገፉ አይቻለሁ ይለኝ ነበር። እኔ ራግቢ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይገባኝ ያንን ቡድን ወደድኩት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ደወሉ ጮኸ። በሩ ላይ የቆመው ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተኮማተረ፣ ረጅም፣ ነጭ ፀጉር ያለው ሰው ነበር። ሄንክ እባላለሁ አለ፤ የተጋባዦቹ ጸሐፊ። ጋባዡ እቤት ድረስ መጥቶ በቤተሰብ ፊት መጠየቁ ከመሥራቾቹ ጀምሮ የመጣ ወግ እንደሆነ ነገረን። ያሬድ ግድግዳውን ተደግፎ ባይቆም ኖሮ የሚወድቅ ይመስለኛል።

እማዬ እንግዳ መምጣቱን እንጂ ለምን እንደመጣ ለማወቅ አልቸኮለችም። የቀረውን ሳምቡሳ አሙቃ አቀረበችለት። ሄንክ "አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ" አለ። እማዬ ሳህኑን አስጠጋችው። "ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ።" "በሞቴ በለው" አለችኝ። በሞቴ በደች ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ "ካልበላህ ትሞታለች" አልኩት። ሰውየው ደንግጦ አራት ሳምቡሳ በላ።

ከዚያ እጁን ጠርጎ ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣና ተነሳ። "ያሬድ፣ በመጪው ወር አምስተርዳም ውስጥ እንጫወታለን። ከእኛ ጋር ትጫወታለህ?"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። "አይ፣ እኔ ገና ነኝ" አለ፣ በደች። "ከእኔ የተሻሉ ብዙ አሉ።"

እማዬ ደች ባትሰማም የልጇን አንገት አይታ ገብቷታል፤ ፊቷ በኩራት በራ። እኔ ግን የሄንክን ፊት ነበር የማየው። "ያሳዝናል፤ ግን እሺ" አለ። ካርዱን ወደ ኪሱ መለሰ፣ ሁላችንንም ጨበጠ፣ ወጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደተፈጠረ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኔ በደች አይ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ኔ ማለት ኔ ነው። ወንድሜ ግን እስኪለመን እየጠበቀ ነበር። ሮጬ ደረጃው ላይ ልደርስበት እችል ነበር፤ ነገር ግን ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጣልቃ አትግቢ እየተባልኩ የተቆነጠጥኩት ክንዴ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ብዙ የምናገር ልጅ፣ መናገር በነበረብኝ አንድ ቀን ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ገና ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሳምቡሳ ጠበሰች፤ ያሬድም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ሰኞ ማታ አሠልጣኙን ሲጠይቀው ሕጉን ነገረው፦ ተጋባዦቹ አንድን ሰው የሚጋብዙት አንዴ ብቻ ነው። ማንም ተለምኖ፣ ይሉኝታ ይዞት እንዳይጫወት ሲሉ መሥራቾቹ ያወጡት ሕግ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው እምቢታው ይከበርለታል፣ ሁለተኛ አይጠየቅም። ያሬድ ያን ሳምንት ልምምድ አልሄደም። ቅዳሜ ቤቱ ጭቃ አልሸተተም። እማዬ "እኔ ያስተማርኩት ነው የጎዳው" ብላ ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ አየኋት፤ ያኔ እኔም አልቻልኩም፣ አብሬያት አለቀስኩ።

እማዬ ያደረገችውን ነገር ሌላ ማንም ፈረንጅ አገር የሚኖር ሰው አያደርገውም። ሽማግሌ ላከች። ጋሽ ወርቁ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ እዚህ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ነገር ሲይዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ሁለት ሌሎች አባቶችን ከቅዳሴ በኋላ ይዘው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ከአሠልጣኙ አድራሻ ተቀብለው፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስከትለው ተነሱ፤ በባቡር ደንሃግ ወረድን። ቀጠሮ አልነበረንም። በዚህ አገር ሰው እናቱ ቤት እንኳ ያለ አፍስፕራክ እንደማይሄድ ለጋሽ ወርቁ ነግሬያቸው ነበር። "ሽማግሌ ቀጠሮ አይጠይቅም" ብለው ዘጉኝ።

ሄንክ በሩን ከፍቶ ሦስት ባለ ካፖርት ሽማግሌዎችና አንዲት ባለ ሹሩባ ልጅ ሲያይ አስቡት። አስገባን ግን። "ተቀመጡ" አለ። "አይ፣ ደህና ነን" አሉ ጋሽ ወርቁ። "እሺ" አለና ራሱ ተቀመጠ። "ቡና ልስጣችሁ?" "አይ፣ አትቸገር።" "እሺ" አለና ለራሱ ብቻ ቀድቶ መጣ። ሦስቱ አዛውንት ከትራም ፌርማታው ጀምሮ በዚያ ነፋስ ተገፍተው የመጡ፣ ከሌሊት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው። ቆመው ሲጠጣ ያዩታል። ጋሽ ወርቁ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እየጠየቁ ወደ ጉዳዩ በሩቁ መዞር ጀመሩ። ከሳቸው ቀጥሎ ያሉት አባት እግራቸውን ሲያፈራርቁ አየሁ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ቡናውን ይፈልጋሉ" አልኩት፣ በደች። "መቀመጥም ይፈልጋሉ። አንዴ ስለጠየቅካቸው ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ አይ ይባላል፣ ሁለተኛም አይ ይባላል። እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው። ሳምቡሳውንም አንተ የበላኸው በሦስተኛው ነው።"

ሄንክ ስኒውን አስቀመጠ። ብድግ ብሎ ሽማግሌዎቹን እንደገና ተቀመጡ አላቸው። "አይ፣ ግድ የለም" አሉ። ሦስተኛ ሲላቸው ሦስቱም እኩል ዘፍ አሉ። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ጠፋ። "ወንድምሽ..." አለ። "እሱም እንደዚሁ ነበር?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ከመሳቢያው አንድ ወፍራም ደብተር አወጣ። ከመሥራቾቹ ጀምሮ የተጫወቱት ሁሉ ከነክለባቸው በእጅ ተጽፈውበታል። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ደጋግሞ አነበበ። እኔም ከጎኑ ሆኜ አነበብኩት፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ይጋበዛል ይላል። ሕግ አክባሪ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በመጨረሻ ደብተሩን ዘጋና "አንድ ግብዣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አልተጻፈም" አለ። "እኔ መሀል ላይ ጥዬ ወጥቻለሁ ማለት ነው።" ለሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ሰጥቶ፣ እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ ካፖርቱን አንሥቶ አብሮን ባቡር ተሳፈረ። ያለ ቀጠሮ! ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከዚያ ባቡር ይጀምራል።

ያሬድ በሩን ሲከፍት ሄንክን ከሦስት ሽማግሌ ጋር አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። ሄንክ ቦታው ላይ፣ ያለፈው ጊዜ የቆመበት ምንጣፍ ላይ ቆሞ ካርዱን አወጣ። "ሁለተኛ እጠይቅሃለሁ። ከእኛ ጋር ትጫወታለህ?" እኔ ለእማዬ ተረጎምኩላት። ያሬድ እሺ ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ እማዬ ቀደመችው፦ "ኧረ ይሄ ልጅ ምን ይረባዎታል!" አለች። አለችና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያሬድ ፊቱ አመድ መሰለ። ሄንክ ምን አለች ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ነገርኩት።

"ጥሩ" አለ ረጋ ብሎ። "እንግዲህ ሦስተኛ እጠይቅሃለሁ።"

በዚህኛው ማንም አልተነፈሰም። ወንድሜ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለና ጎንበስ ብሎ ግንባሩን አስነካው። ጋሽ ወርቁ "እልል በይ እንጂ" ሲሏት ነው እማዬ እጇን ከአፏ ያነሳችው።

አምስተርዳም ላይ ያን ቀን ዘነበ። አሥራ አምስቱም አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው፣ እግራቸው ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፤ የወንድሜ አረንጓዴ። ጥላዬን ይዤ እማዬ ጎን ቆሜያለሁ። መጨረሻ አካባቢ ኳሷ ደረሰችውና በዳር በኩል በረረ፤ ሁለት ሰው አለፈ፣ ሦስተኛው እግሩን ቢይዘውም ከመስመሩ ማዶ ኳሷን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ በራግቢ ነጥብ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እማዬ ብቻ "ገደሉብኝ!" ብላ ጮኸች። ጨዋታው አልቆ ሲመጣ ጭቃውን ሳትጸየፍ አቀፈችው፤ ነጠላዋ እስከ ዛሬ ያን እድፍ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ሄንክ ዛሬ በሕይወት የለም። ያሬድ አርባዎቹን አጋምሷል፤ ጉልበቱ ዝናብ ከመዝነቡ በፊት ይነግረዋል። ባለፈው የፀደይ ወር አብረን ደንሃግ ጨዋታ ልናይ ሄደን፣ የአሁኗ ጸሐፊ አንድ ወጣት፣ እቤት መሄዱ ቀርቶ ሜዳው ዳር በቤተሰቡ ፊት፣ ስትጋብዝ ደረስን። ልጁ ገና በመጀመሪያው "እሺ!" ሲል ሁሉም ሳቁበት። "ገና ነው፣ ሁለቴ እምቢ ማለት አለብህ" አለችው። ለምን እንደሆነ አጠገባችን የቆመውን አንድ ተጫዋች ብጠይቀው "የመሥራቾቹ ወግ ነው፣ በጣም ጥንታዊ" አለኝ በሙሉ ልብ። ወንድሜን አየሁት። ወደ ሜዳው እያየ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፣ ግን ምንም አላለም። እኔም አልተናገርኩም።

እነሱ ከእኛ ወሰዱ፤ እኛም ከእነሱ ወሰድን። እማዬ አሁን ስኪዳም የአረጋውያን ፎቅ ውስጥ ትኖራለች። ተንከባካቢዋ "ሻይ?" ስትላት "ያ" ትላለች፣ በደች አዎ፣ በአንድ ቃል፣ ተገላገለች። ባለፈው ዓርብ እኔ ካፔለ ባለው ቤቴ እራት ስሠራ ደወለች። "እሑድ ምሳ ትመጫለሽ?" "አይ እማዬ፣ አትልፊ፣ ሥራም አለብኝ" አልኳት። "እሺ፣ ዳህ" ብላ በደች ተሰናብታኝ ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ እምቢ ብዬ ከእማዬ ሳህን አምልጬ አላውቅም፤ ያኔ ያናድደኝ ነበር።

መልሼ ደወልኩ። "እማዬ፣ የእሑዱን እንደገና ጠይቂኝ" አልኳት።

"ሥራ አለብኝ አልሽ እኮ።"

"ብቻ ጠይቂኝ።"

"ትመጫለሽ?"

"አልመጣም" አልኳት። ከዚያ እስትንፋሷን እየሰማሁ፣ ሦስተኛውን እስክታስታውሰው ጠበቅኋት።