ጌጥ የሌለው ዱላ

የፑል ቤቱን ባለቤት በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «ጠርጥር» ይለዋል፤ ተረቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለምን ብሎ አይጠይቅም። እንደምን አደርክ ሲሉት «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ከእግር እስከ ራስ የሚመረምር ሰው ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ደርሶ ግን «እግዜር ይማርህ» ከማለቱ በፊት የመድኃኒቱን ብልቃጥ ገልብጦ ያነባል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ሴት ልጁን ብቻውን አሳድጓል። በሕይወቱ ጠርጥሮት የማያውቀው ሰው ቢኖር ያቺው ሚስቱ ነበረች።

ቤቱ ውስጥ ያለው የፑል ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው። ድሮ ጠረጴዛው ሲመጣ የገጠሙት ሠራተኞች አንዱ እግር ሥር ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ወትፈው ነበር። ጠርጥር ገና ጀርባቸውን ሲያዞሩ ተንበርክኮ አያት። «አሃ! የተበላሸ ሥራቸውን በስንጥር ሊሸፍኑ ነው!» አለና መንግሎ አወጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽብልቋ ሌላ ሥራ ተሰጣት፤ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ከሥር ትይዛለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የራሱን ዱላ ይዞ የሚመጣ ተጫዋች መጀመሪያ ዱላውን ለጠርጥር ያስረክባል። የቤቱ ሕግ ነው። ጠርጥር የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ያጋድመውና በመዳፉ ገፋ ያደርገዋል፤ ቀጥ ያለ ዱላ ድምፅ ሳያሰማ ይንከባለላል፣ የጎበጠ ግን ነጠር ይላል። እስከ ዛሬ ሳይነጥር ያለፈ የለም። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የቤቱን ዱላዎች ግን ፈትኗቸው አያውቅም። ራሱ መርጦ የገዛቸውን ምን ብሎ ይፈትናል? እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ እምነት ሥር ሰደደበት፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጎባጣ ነው።

ልጁን የወደዳት ሰውም ከውጭ ነው የመጣው። እንጨት ሠሪ ነው፤ ከገበያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በቶርኖ እንጨት እያሽከረከረ የወንበር እግር ያወጣል። ልጅቱ ለአባቷ ስታወራለት ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር።

«አባዬ፣ እስከ ዛሬ የመጣውን ሁሉ እንከን እያወጣህ መለስክ። አንዱን ሳቁ በዛ አልክ፣ አንዱን አይስቅም አልክ። እሱንም ካባረርከው እኔም እዚህ ቤት አልቀመጥም።»

ጠርጥር ልጁ ዋዛ እንደማትናገር ያውቃል። እሷ ከሄደች ባዶ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛው ጋር ተፋጥጦ መቅረቱ ነው። አፉ ግን «ማነው እንዲህ በዪው ያለሽ?» አለ።

እንጨት ሠሪው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ መጣ። ቤቱ በተጫዋች ተሞልቶ ነበር፤ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም እንደ ልማዱ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ መጥቷል።

«ጋሼ፣ ይሄን ለእርስዎ ነው የሠራሁት» አለና ጨርቁን ፈታ።

ጠርጥር አብለጭላጭ ነገር ነበር የጠበቀው። ዱላው ግን ምንም ጌጥ የለውም። እጀታው ጠቆር ያለ እንጨት ነው፣ ወደ ጫፉ ነጣ ይላል፤ ሁለቱ እንጨቶች የተጋጠሙበትን ቦታ በጥፍሩ ቢፈልግ አጣው። ከእጀታው በላይ ፀጉር የምታህል አንዲት ነጭ ቀለበት አለች፣ አለቀ። በዘይት ታሽቶ ታሽቶ የለሰለሰ እንጨት ነው። ጣቱ ላይ ሲያጋድመው ዱላው እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ አለ። ጠርጥር ሊመልሰው ፈለገ፣ እጁ ግን እንቢ አለው። ልቡ ጭልጥ ብሎ ሄደ።

ወዲያው ተናደደ። እዩኝ እዩኝ የሚል ዱላ ቢሆን ፍላጎቱ ይታወቃል። ይሄ ምንም አይልም። በዝምታ ልብ የሚሰርቅ ነገር ሌላስ ምን ሊሰርቅ ነው የመጣው?

«ከየት ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም ጋሼ፣ ሠራሁት።»

«ታዲያ ስምህ የታለ? የሠራ ሰው ስሙን አይጽፍም?»

«የሚጫወቱበት እርስዎ ነዎት። የእኔ ስም እዚያ ላይ ምን ያደርጋል?»

መልሱ ጥሩ ነበር። ጠርጥር ደግሞ ጥሩ መልስ አይወድም፤ ጥሩ መልስ ቤት ተጠንቶ የመጣ ነው ብሎ ያምናል። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ገፋው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ነጠር አለ።

«ጎባጣ!» አለ ጠርጥር። በደስታ ነበር ያለው፣ እፍረት የለውም። «ዱላህም ጎባጣ፣ አንተም ጎባጣ!»

እንጨት ሠሪው የነጠረበትን ቦታ አየ። አፉን ከፈት አደረገ። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞር ቢል፣ ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን ዱላ ጫፍ አዲስ ነገር ያገኘበት ይመስል ይመረምራል። ወጣቱ አፉን መልሶ ዘጋ።

«ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ዱላውን እዚያው ትቶ ወጣ።

ልጅቱ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አክስቷ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ጠርጥር ፑል ቤቱን ሲከፍት ዱላው በተኛበት ጠበቀው። ሊወረውረው አንስቶ አንድ ኳስ መታበት። ኳሷ የፈለጋት ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ሌላም መታ፣ ገባች። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አስጠረጠረው። ጎባጣ ዱላ እንዲህ ይመታል እንዴ?

መልሶ አንከባለለው። መሐል ላይ ነጠረ። አዙሮ ከወዲያኛው ጎን ገፋው፣ አሁንም እዚያው ነጠረ። የነጠረበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ጎባጣ ዱላ በዞረ ቁጥር ነው የሚነጥረው፤ ይሄ ግን አንዴ ብቻ፣ ምልክቱ ላይ ብቻ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው የቤቱን ዱላ አውርዶ ገፋ። ምልክቱ ላይ ነጠረ። ሌላ አወረደ። እሱም ነጠረ።

መዳፉን ጨርቁ ላይ አስኬደ። ከጨርቁ ሥር ያለው የጠረጴዛው ገጽ ተገጣጥሞ የተነጠፈ የድንጋይ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ እግር ዝቅ ብሎ መጋጠሚያው የጥፍር ጠርዝ ያህል ከፍ ብሏል። ጨርቁ በተቀየረ ቁጥር ጠርጥር ቆሞ የሚያየው የሠራተኞቹን እጅ ነበር፤ ድንጋዩን ልብ ብሎት አያውቅም። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ሽብልቋ በሩን ይዛለች።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲገባ ሰውዬው የአንዱን ጢም እየላጨ ነበር።

«ጎባጣው ጠረጴዛው መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«የማያውቅ ማን አለ? ኳስ እዚያች ጋ ስትደርስ ትታጠፋለች፤ ሁላችንም አስልተን ነው የምንመታት።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ጠርጥር የሚለውን ያውቃል። «ምን ፈልገህ ነው?» ነበር የሚለው። የሚላጨው ሰው በሳሙናው ውስጥ ሳቀ።

ዱላውን በመጣበት ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ገበያው ጀርባ ሄደ። ልጁ ከአክስቷ ቤት መጥታ ፍቅፋቂ እንጨት መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እንጨት ሠሪው ቶርኖውን አጠፋ።

«ዱላህ ቀጥ ያለ ነው» አለ ጠርጥር። «ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ፊት ነበር ጋሼ። በገዛ ቤትዎ ላዋርድዎት?»

ጠርጥር ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። እማዬ ናት ያሳየችኝ።»

«እናትሽ?»

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው አለችኝ። ‹ሰው ሁሉ ያታልለኛል እያለ የሚኖር ሰው፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ሲሰማ ይሰበራል› አለችኝ።»

ጠርጥር በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች የሚደብቁኝ ነገር አለ ሲል ኖሯል፤ እውነቱን ነበር። ሁሉም ይደብቁት ነበር፣ ሚስቱም ጭምር። እንዲደብቁት ያደረጋቸው ደግሞ ሌላ ማንም አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጁ አጠገቡ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

ቆይቶ ከኪሱ ሽብልቋን አወጣ፤ ጠርዟ በበሩ መፋቅ ብዛት ለስልሷል።

«ልጄ፣» አለው እንጨት ሠሪውን፣ «ይቺን ቦታዋ መልስልኝ።»

ሦስቱም ተያይዘው ፑል ቤት ገቡ። እንጨት ሠሪው ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከና ልክ እንደ ሁሉም ሠራተኛ ቀና ብሎ ጠበቀ፤ ጠርጥር አናቱ ላይ ቆሞ እጅ እጁን የሚያየው መስሎት ነው።

«ሥራ» አለ ጠርጥር። «እኔ ውጭ ነኝ።»

ወጥቶ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። የሚይዘው ያጣው በር በነፋስ ከኋላው ተዘጋ። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ጠርጥር ዞር ሊል ቃጣው፣ ጉልበቱን ጨብጦ መንገዱን ማየት ቀጠለ።