አባይን ባንድ እርምጃ የተሻገርኩ ዕለት

የጮቄ ተራራ ምንጮች አባይን እንደሚመግቡ ደብረ ማርቆስ ላይ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! አንዱንም ምንጭ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው የእረፍት ቀን ይህን እፍረቴን ላራግፍ ብዬ ከባልደረባዬ ጋር ከሮብ ገበያ ከተማ ተነስተን ተራራውን ሽቅብ ወጣን።

ምንጩ ጋ ሳንደርስ ገና የተከተልነው ጅረት ከክንዴ ቀጠነ። ግራና ቀኝ አንፈራጥጬ ቆምኩበትና ደረቴን ነፋሁ። «አንሳኝ! አባይን ባንድ እርምጃ ተሻገርኩት!»

ባልደረባዬ ስልኩን እንደደገነ ውሃው ጭል ጭል አለና ከእግሬ ሥር ደረቀ።

«ምን አስለፈለፈህ?» አለኝ ወደ ኋላው እያፈገፈገ።

አባይን ያደረቀው መምህር ተብዬ አገር ሲያወራብኝ ታየኝ። ተንበረከክሁና ጮህኩ። «አቦዬ፣ ውሃውን ብቻ መልስልኝ! ለደብርህ ባለ ወርቀ ዘቦ ጥላ አስገባለሁ!»

ትንሽ ቆይቶ ውሃው ኩልል እያለ ተመልሶ መጣ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ከላይ አንድ ሽማግሌ ዶማ ተሸክመው ወረዱ። የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ መስኖውን ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉ። ለካ ውሃውን ወደ አንዱ ገበሬ ድንች ማሳ አዙረውት ኖሯል።

ሳቄ አመለጠኝ። «ታዲያ ስለቱ ቀረ በሉኛ፣ አባቴ!»

«ለምን ይቀራል?» አሉ ዶማቸውን ተደግፈው። «የሰውዬው ተራ ሳያልቅ ውሃውን የለቀቅሁት እኮ ጩኸትህን ሰምቼ ነው። የዚህ መንደር የአቦ ቤተ ክርስቲያን ገበዝም እኔው ነኝ። ጥላው ለንግሡ ይደርሳል?»