«ትንሽ አሟታል»

እናታችን የሞተች ዕለት፣ ጎጆ ከተማ ለምታስተምር ታናሽ እህቴ ደውዬ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አልኳት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤቶች እንዲህ በይ አሉኝ፣ አልኩ። እሷም የታመመች እናት ልትጠይቅ ብርቱካን ገዝታ፣ በዚያ ሆድ በሚያናውጥ መንገድ አምቦ ደረሰች። በራችን ላይ ድንኳን ጠበቃት። ብርቱካኑን የነካው የለም፤ ጓዳ ውስጥ ሻገተ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ልቧ ዝም ብሎ ይመታል። ሐኪሞቹ «ጭንቀት ነው» ብለው ሸኟት። ክፍል ከመግባቷ በፊት ትደውላለች፣ ስትወጣ ትደውላለች።

«አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«በእማዬ አጽም ማይልኝ!»

እምላለሁ። የዕድር ሴቶች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «እህትሽ ተጎድታለች፣ አይዞሽ በያት፣ አንቺ ታላቅ ነሽ» ይሉኛል። ለቀባሪው አረዱት! እኔን አይዞሽ ያለኝ ማን ነው? እሷን ደግፌ ይዤ፣ እኔ ሳላለቅስ ነው ድንኳኑ የተነቀለው። ይህን ሳስብ ሁሉንም እጠላቸዋለሁ፣ አንዳንዴ እሷንም ጭምር።

ባለፈው ጥቅምት አባታችንን ጉንፋን ያዘው። እህቴ ስትደውል አጠገቤ ሆኖ ሲያስለው ሰማች። መዋሸት ሰለቸኝና እውነቱን ነገርኳት።

«ትንሽ አሞታል።»

ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። እስኪመሽ ብሞክር እምቢ አለኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሁለት መምህራን ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ «አባዬ! አባዬን!» እያለች በሩን አልፋ ገባች። አባታችን በረንዳ ላይ ሾርባውን እየጠጣ ነበር። ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» ብሎ ተነሳና፣ መልስ ሳይጠብቅ አብሯት ማልቀስ ጀመረ።

መምህራኑ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። እህቴ ግን የአባታችንን ፊት ደባብሳ ደባብሳ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ቀን እንኳ እውነት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

የትናንቱ እውነት ነበር ልላት አፌን ከፈትኩና እጆቿን አየሁ። ባዶ ናቸው። አባቷን አሞታል ተብላ አንድ ብርቱካን እንኳ አልገዛችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩና የእናቴን ለቅሶ ያን ቀን አለቀስኩ።